ዝቅተኛውስ ስንት ነው?

ርዕሱን አይታችሁ ስለ ሚድተርም ውጤት የምጽፍ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የምጽፈው ስለ ብየዳ ማሽን ነው። አዎ፣ ብየዳ! ‹‹ደግሞ የጋዜጠኝነት ተማሪ ከብየዳ ጋር ምን አገናኛት?›› የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው። አባቴ በያጅ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ አንዲት የታመመች ቮልስ ቆማለች።

ቮልሷ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ናት። አባዬ የገዛት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። እማዬን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሰቻት እሷ ስለሆነች እኔና ቮልሷ በአንድ በኩል ዘመዳሞች ነን ማለት ይቻላል። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ ታናሽ እህት ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ‹‹ሸጣችሁ አዲስ ቮልስ ግዙ›› የሚባል ነገር የለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን መጠገን ይሻለዋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አባዬም አንዱ ነው።

ባለፈው ዓመት ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ መርማሪው የኋላውን ወንበር ገለጥ አድርጎ መሬት አየ። የመኪናዋን ወለል ማለቴ አይደለም፤ የግቢውን አስፋልት ነው ያየው! የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የባትሪው አሲድ እየተንጠባጠበ፣ የክረምቱ ውኃ በደረቀው የበር ጎማ እየገባ ከምንጣፉ ሥር ሲተኛ ላሜራው ከውስጥ ይበላል። ላይ ላዩን ስታዩት ምንጣፉ ደህና ነው። ሥሩ ግን የለም። መርማሪው ‹‹ወለሉን አሠርተው ይመለሱ›› አለ። አባዬ ቀና ብሎ ‹‹አሠርቼ አይደለም፣ ሠርቼ ነው የምመለሰው›› አለው። ጉዳችን የጀመረው ያኔ ነው።

አባዬ ከ30 ዓመት በላይ በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። በሰፈራችን የእሱ እጅ ያላረፈበት የግቢ በር ጥቂት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዐይኑም ደከመ፣ ሥራውን ተወ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰው የሚሠራውን ያያል። ብዙም አያወራም። ‹‹ሠርቼ ነው የምመለሰው›› ሲል እኔና እማዬ የተያየነው ለዚህ ነው። ከዚያች ንግግር በፊት እንዲያ ቀና ብሎ ሲናገር መቼ እንደሰማሁት አላስታውስም።

እናላችሁ፣ በማግስቱ የድሮውን ማሽኑን ከደረጃ ሥር አወጣው። በመዳብ ኮይል የተጠመጠመ፣ እዚሁ አገር የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ማሽን ነው። ኤሌክትሮዱን ነክሶ ወለሉን ገና ሲነካው ‹‹ቿ!›› አለ። የሽምብራ ፍሬ የምታክለዋ ቀዳዳ እንቁላል አከለች። ቀዳዳውን ልዝጋ ብሎ ሲጠጋ ጠርዙ ቀለጠና አጠገቡ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ቀዳዳ ቆጠርኩ። አባዬ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ እጁን አየ። ‹‹እጄ ነው›› አለ። ሌላ ምንም አላለም። ማሽኑን ሳያነሳ ገባ።

እኔ ግን እጁ ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። በነጋታው ሰፈራችን ውስጥ ባትላሜራ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። የሆነውን ስነግራቸው ሳቁ። ‹‹አባትሽ እጁ ምንም አልሆነም። በር የሚበየድበት ብረትና የመኪና ላሜራ አንድ መስሎሽ ነው? ይኼ የሲኦቱ ሥራ ነው›› አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አባዬ የለመደው 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ደግሞ በደንብ እንዲነድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይፈልጋል። ይህን ያህል ሙቀት በቀጭን ላሜራ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ከመያያዙ በፊት ቀልጦ ይወድቃል። ጋሼ ‹‹ሲኦቱ›› የሚሉት፣ ገበያ ላይ ‹‹ሚግ›› የሚባለው ማሽን ግን በኤሌክትሮድ ፋንታ ከጥቅል የሚመዘዝ ቀጭን ሽቦ ይጠቀማል። ቁልፉን ስትጫኑ ሽቦው በራሱ ይወጣል፣ ጋዝ ደግሞ በዙሪያው እየፈሰሰ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከላከለዋል። በ0.6 ሚሊሜትር ሽቦ እስከ 30 አምፔር ድረስ ዝቅ ብሎ መበየድ ይቻላል። ቁልፉን ለአንድ ሰከንድ ተጭኖ መልቀቅ ነው። እጅ ቢንቀጠቀጥም ኤሌክትሮድ ይዞ እያጠረ ሲሄድ ርቀቱን እንደመጠበቅ አይከብድም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ባቴል በተባለው የምርምር ተቋም የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን መጀመሪያ ያገለገለው እንደ አሉሚኒየም ላሉ ብረቶች ነበር። ጋዙ ውድ ስለነበር ለተራ ብረት አያዋጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በርካሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሥራት ሲጀመር ነው ተራው ብረት ላይ የተስፋፋው። የእኛ ጋራዦች እስከ ዛሬ ‹‹ሲኦቱ›› የሚሉት ከዚህ ጋዝ ተነሥተው ነው።

ማታ ራት ላይ ይህን ሁሉ ለእማዬ ተረክሁላት። እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝና አባዬ ሲተኛ ጠራችኝ። ‹‹ዕቁቤ ደርሶኛል›› አለች። ብሩ ለኩሽናው ጣሪያ የታሰበ መሆኑን አውቃለሁ። ጣሪያው ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ያፈሳል። ‹‹ጋራዥ ቢሠራው አይረክስም?›› አልኳት። ‹‹ይረክሳል። ግን ጋራዡ መኪናዋን ነው የሚሠራልኝ›› አለችና ብሩን በመሐረብ እንደተቋጠረ ሰጠችኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የጋዜጠኝነት ተማሪነቴ የሚያሳፍረኝ። በሁለተኛ ዓመት ‹‹በአንድ ምንጭ ብቻ ዜና አትሥሩ›› የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምተናል? በፈተና ላይም ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። መርካቶ ስገባ ግን መጀመሪያ ያገኘሁት ሱቅ ገባሁ። ልጁ አፈ ጮማ ነው። ‹‹እህቴ፣ ይኼ እኮ 250 ነው! የባቡር ሐዲድ ይበይዳል! ሌላው ሱቅ የምታዪው 160 ነው፣ መጫወቻ ነው›› አለኝ። 250 ከ160 ይበልጣል፤ የሚበልጥ ደግሞ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ማሽኑ ቀይ ነው፣ ያምራል። ሁለት ሺህ ብር ቀብድ ከፍዬ እየተደሰትኩ ተመለስኩ።

ጋሼን ላበሥራቸው ሮጥኩ። ‹‹250 ገዛሁ!›› አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡና ‹‹ዝቅተኛውስ ስንት ነው?›› አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ‹‹ሐዲድ ልትበይዱ ነው እንዴ? ከፍተኛውን ሁሉም ይነግርሻል፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ላሜራ የሚበይድ ሰው የሚጠይቀው ዝቅተኛውን ነው›› አሉኝ። ወዲያው ደወልኩ። ዝቅተኛው 50 አምፔር ነበር። የሚወስደውም ሽቦ ከ0.8 ጀምሮ ነው። ለቮልሷ ወለል ከአባዬ አሮጌ ማሽን ብዙም የማይለይ ማለት ነው። ‹‹ቀብዴን መልስልኝ›› ስለው ‹‹እህቴ፣ ቀብድ ይመለሳል ያለሽ ማነው?›› ብሎ ዘጋብኝ። የኩሽናው ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ ቀለጠ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ላይ የሪፖርቲንግ ደብተሬን አውጥቼ፣ አንድ ባለሥልጣን ኢንተርቪው ለማድረግ እንደምዘጋጀው ሁሉ ጥያቄ ጻፍኩ። ከጋሼ ሌላ ሁለት በያጆችና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም አነጋገርኩ። ከአንድ ቁራሌው ደግሞ የመኪና በር ቁራጭ ገዝቼ በፌስታል ይዤ እንደገና መርካቶ ገባሁ። ምናልባት ከእናንተም መሐል እንዲህ ያለ ማሽን ለአባቱ ወይም ለወንድሙ የሚገዛ ካለ፣ ጥያቄዎቹ እነሆ።

የመጀመሪያው ያው የጋሼ ጥያቄ ነው፤ ዝቅተኛው ስንት ነው? 30 አምፔር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለላሜራ ይሆናል። ማስተካከያው ሦስትና አራት ደረጃ ብቻ ያለው ከሆነም ያስቸግራል። አንዱ ደረጃ አይዝም፣ ቀጣዩ ደግሞ ይበሳል። ቀስ እያለ የሚዞር ማስተካከያ ይሻላል። ከፍተኛው ለመኪና አካል 150 ወይም 160 ቢሆን ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ሮለሩ 0.6 ሽቦ ይይዛል ወይ? ሽቦውን የሚገፋው ሮለር ላይ እንደ ሽቦው ውፍረት የተቆረጠ ቦይ አለው። ቦዩ ሰፊ ከሆነ ቀጭኑ ሽቦ እየተንሸራተተ ይቆራረጣል። ብዙ ሻጮች ሮለሩን ከፍቼ ልይ ስላቸው ደነገጡ። አንዱ ‹‹ቆንጆ፣ አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?›› አለኝ። ‹‹ምንም ስለማላውቅ ነው የምጠይቀው›› አልኩት።

ሦስተኛው ስለ ጋዝ ነው። ጋዝ የማይፈልግ፣ ውስጡ ዱቄት የተሞላ ሽቦ አለ። ሲሊንደር መግዛትና ማስሞላት ስለሚያስቀር ያጓጓል፤ ነፋስ ባለበት ደጅ ላይ ለመሥራትም ምቹ ነው። ነገር ግን ጭሱና ፍንጣሪው ይበዛል፣ በቀጭን ላሜራ ላይም ይበሳል። ለላሜራ ምርጡ አርጎን ከጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተቀላቀለበት ጋዝ ነው፤ አበያየዱ ለስላሳ ነው፣ ፍንጣሪው ትንሽ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ይበልጥ ይፈነጥቃል፣ ጠልቆም ይገባል፣ ግን ዋጋው ይቀላል፣ ጋሼም ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት በእሱ ነው። እኛም እሱን መረጥን። በሁለቱም ሽቦ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ማሽኑ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን መቀያየር የሚያስችል መሆኑን ጠይቁ። በጋዝ ሲሠራ ቶርቹ ፖዘቲቭ፣ በጋዝ አልባው ሽቦ ሲሠራ ኔጋቲቭ ላይ ነው የሚሰካው።

አራተኛው፣ የቤታችን መብራት ይችለዋል ወይ? ይህን ያስረዳኝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው፤ ያስረዳኝም በእማዬ ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ60 አምፔር ላሜራ ስትበይዱ ቶርቹ ጋ ያለው ቮልት 17 ገደማ ነው። ሁለቱን አባዙ፤ 1,020 ዋት ይመጣል፣ ማሽኑ ውስጥ የሚባክነው ቢጨመርም 1.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ከምጣዱ ግማሽ በታች ማለት ነው! ያ ቀዩ 250 ግን በ200 አምፔር ቢነሣ እንኳ ከ5 ኪሎዋት በላይ ይጠይቃል። ብሬከራችን ይወርድ ነበር። ስለዚህ በምጣዱ መስመር መሥራት ይቻላል፤ እንጀራ በማይጋገርበት ቀን፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድም ሳይሆን።

አምስተኛው፣ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ ያርፋል? ማሽኑ ላይ ከ160 አጠገብ 20% የሚል ካለ፣ በ160 አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ደቂቃ ሠርቶ 8 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ለበር ሠሪ ይህ ችግር ነው። ላሜራ የሚበየደው ግን በዝቅተኛ አምፔር፣ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ ስለሆነ ማሽኑ ብዙም አይደክምም።

ስድስተኛው መለዋወጫ ነው። የቶርቹ ቲፕና ኖዝል ያልቃሉ። ገበያ ውስጥ የማይገኝ ዓይነት ከሆነ ማሽኑ በሁለት ወር ውስጥ ጌጥ ይሆናል።

የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ጥያቄ አይደለም፤ በፌስታል የያዝኩት የበር ቁራጭ ነው። ‹‹በዚህ ላይ በይድልኝ›› እላለሁ። አራት ሱቅ ገባሁ። ሁለቱ አይሆንም አሉ። አንዱ በየደና በሳው። አራተኛው ሱቅ ውስጥ የነበሩት ጠና ያሉ ሰውዬ ምንም ሳይናገሩ ማሽኑን ሰክተው፣ ዝቅ አድርገው ሁለት ነጥብ አሳረፉበት። ቁራጩን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ነጥቡ በጀርባው በኩል ትንሽ ብቅ ብሏል፣ አልበሳውም። ያን ማሽን ገዛሁ። ቀይ አይደለም፤ ግራጫ ነው፣ ካርቶኑም ተቀዷል።

አባዬ ማሽኑን ሲያይ ‹‹ይቺ?›› አለ። በአንድ እጁ አነሣት። የድሮው ማሽን ሁለት ሰው ይፈልግ ነበርና ቀልድ መሰለው። ጋሼም መጡ። ሁለት አዛውንቶች አንዲት ቮልስ ሥር ሲከራከሩ መዋል የሚያስቀና ነገር ነው። መጀመሪያ ባትሪው ተነቀለ፣ ወንበሩና ምንጣፉ ወጣ፣ የተበላው ላሜራ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆረጠ። የቮልስ ቤንዚን ጋን ያለው ከፊት ከኮፋኖው ሥር ስለሆነ ከሥራችን ይርቃል፤ ቢሆንም አሸዋና ውኃ አጠገባችን አደረግን። እማዬ ከጣሪያው የተረፈ ቆርቆሮ አምጥታ ‹‹በዚህ ለጥፉት›› አለች። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮኹባት። የጣሪያ ቆርቆሮ ቀጭን ነው፣ ዚንክ ተቀብቷል፣ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ወተት ይጠጣበታል ይባላል እንጂ መድኃኒቱ ጭሱን አለመሳብ ነው። 1 ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ ተገዛ።

አባዬ ቶርቹን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቁር መነጽሩ ፈንታ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ማስክ አደረገ። የመጀመሪያውን ነጥብ አሳረፈ። ሁለተኛውን ሦስት ሳንቲሜትር ርቆ፣ ሦስተኛውን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ላሜራው እንዳይጣመም ቦታ እያቀያየረ። አልበሳም! እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማሽኗ ግን ጉዳይም አላላት። ሰባት ስምንት ነጥብ ካስቀመጠ በኋላ ግን ቆመ። ማስኩን አነሣና ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ። ‹‹መስመሩ አይታየኝም›› አለ። ዝም አልን። ጋሼ ወደ መሬት አዩ። እኔ ልቤ ወደቀ፤ የእማዬ ዕቁብ፣ የእኔ ስድስት ጥያቄ፣ ሁሉም። ስድስቱም ስለ ማሽኑ ነበሩ። ስለ አባዬ ዐይን የጠየቅሁት አንድም አልነበረም።

አባዬ ማስኩን ለእኔ ዘረጋልኝ። ‹‹ነይ፣ ያንቺ ዐይን ያያል። እኔ እነግርሻለሁ›› አለ።

ከመኪናዋ ሥር ጎን ለጎን ተኛን። እሱ ፊቱን አዙሮ ይሰማል። አዎ፣ ብየዳ ይሰማል! ሽንኩርት የጋለ ዘይት ላይ ሲገባ እንደሚሰማው ከሆነ ጥሩ ነው፤ ‹‹ጧ ጧ›› ካለ ሽቦው በዝቷል። ‹‹ቀንሺ… ልቀቂ… ይብረድ… አሁን ወዲያ ማዶ›› ይለኛል። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ሁለት ቦታ በስቻለሁ፤ ሁለቱንም ሞላናቸው። ከዚያ የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ። በስቱኮ ያደበስነው ቦታ የለም።

በሦስተኛው ቅዳሜ እዚያው ከሥሯ እንደተኛን የቀብዱን ነገር ነገርኩት። የትምህርት ቤት ልጅ ሆኜ ካርኒ የደበቅሁ ያህል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አባዬ ትንሽ ዝም አለና ‹‹እኔስ በ30 ዓመት ልምድ አምስት ቀዳዳ ከፍቼ የለ? ሳትጠይቂ ከፈልሽ፣ ሳልጠይቅ በየድኩ። እኩል ነን›› አለኝ። ቀጥሎም ‹‹ለእናትሽ ግን ራስሽ ንገሪያት›› አለ። ነገርኳት። የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ቮልሷ ቦሎዋን አግኝታለች። የኩሽናው ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤት የመኪናውን ፓራፋንጎ ተሸክሞ መጥቶ አባዬን ‹‹ልጅህና አንተ ትበይዱልኛላችሁ?›› ብሎት ነበር። አባዬ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ፣ መጀመሪያ የላሜራውን ውፍረት ጠየቀው።